የአምስቱ ጎረቤቶች ውልና ካምቦዲያ የከፈለችው ዋጋ

በሴፕቴምበር 1954 እ.ኤ.አ. ስምንት መንግሥታት ማኒላ ላይ ተሰብስበው ለደቡብ ምሥራቅ እስያ የጋራ መከላከያ ውል ተፈራረሙ። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ውሉ በአካባቢው ስም ይጠራ እንጂ ከስምንቱ ፈራሚዎች የአካባቢው አገሮች ፊሊፒንስና ታይላንድ ብቻ ነበሩ። የቀሩት አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ ፈረንሳይ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ፓኪስታን ናቸው። ዓላማው ኮሚኒዝምን መግታት ነበር። በሜኮንግ ዳርና በደሴቶቹ ላይ የሚኖረው ሕዝብ ወዳጁና ጠላቱ ማን እንደሆነ የሚወሰንለት ከባሕር ማዶ ሆነ።

በሰባት ወሩ፣ በኤፕሪል 1955፣ ኢንዶኔዥያ የ29 የእስያና የአፍሪካ አገሮችን መልእክተኞች በባንዱንግ ከተማ ሰበሰበች። ኢትዮጵያም ከመካከላቸው ነበረች። ፕሬዚዳንት ሱካርኖ አዲስ ነጻ የወጡ አገሮች የማንም ኃያል ጭፍራ ሳይሆኑ በራሳቸው እንዲቆሙ ጠየቁ። ባንዱንግ በቅኝ አገዛዝ ሥር ለኖሩ ሕዝቦች የሰጠችው ኩራት ትልቅ ነው፤ ይህን ማንም ሊያሳንሰው አይገባም። ጎረቤትን ከጎረቤት ማስታረቅ ግን ከአንድ ጉባኤ አቅም በላይ ነበር። ስምንት ዓመት እንኳ ሳይሞላ አስተናጋጇ ኢንዶኔዥያ ራሷ ከጎረቤቷ ጋር ጦር ተማዘዘች።

የጠቡ መነሻ የብሪታንያ ቅኝ ግዛት መፍረስ ነው። ማላያ በ1957 ነጻ ወጥታለች። ብሪታንያ ሲንጋፖር፣ እንዲሁም በቦርኒዮ ደሴት ሰሜን ያሉት ሳባህና ሳራዋክ ከማላያ ጋር ተዋሕደው ማሌዥያ የምትባል አንዲት አገር እንድትቆም ስትስማማ፣ ሱካርኖ ይህ ስሙን የለወጠ ቅኝ አገዛዝ ነው ብለው ተነሡ። ፊሊፒንስ ደግሞ ሳባህ የሱሉ ሡልጣን ግዛት ስለነበረች ለእኔ ትገባለች አለች። ታይላንድ፣ ፊሊፒንስና ማላያ በ1961 የመሠረቱት ትንሽ ማኅበር በዚህ የግዛት ክርክር ሽባ ሆነ። በኦገስት 1963 ማላያን፣ ፊሊፒንስንና ኢንዶኔዥያን ለማቀራረብ ማኒላ ላይ የታወጀው «ማፊሊንዶ» የተባለው ስብስብም ከጥቂት ሳምንታት አላለፈም። ሴፕቴምበር 16 ቀን ማሌዥያ ታወጀች፤ በሁለተኛው ቀን ጃካርታ ያለው የብሪታንያ ኤምባሲ በእሳት ጋየ።

ኢንዶኔዥያውያን «ኮንፍሮንታሲ» የሚሉት ይህ ያልታወጀ ጦርነት እስከ 1966 ዘለቀ። ሰርጎ ገቦች በቦርኒዮ ጫካ ድንበር ይሻገራሉ፤ በማላያ ጠረፍም በጀልባ ይወርዳሉ። የኢንዶኔዥያ ጦር የታጠቀው በአብዛኛው የሶቪየት መሣሪያ ነበር። ማሌዥያን የሚከላከሉት ደግሞ የብሪታንያ፣ የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ወታደሮች ናቸው። ሁለት ወንድማማች ቋንቋ የሚናገሩ ሕዝቦች ተጣልተው የሞስኮ ጠመንጃና የለንደን አውሮፕላን በመካከላቸው ገባ። በጃንዋሪ 1965 ማሌዥያ የጸጥታው ምክር ቤት ወንበር ስታገኝ ሱካርኖ አገራቸውን ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አስወጡ። በማርች 10 ቀን ሁለት የኢንዶኔዥያ የባሕር ኃይል ወታደሮች ሲንጋፖር ከተማ መካከል ባለው ማክዶናልድ ሃውስ በተባለ ሕንጻ ያጠመዱት ቦምብ ፈንድቶ ሦስት ሰው ገደለ። በኦገስት 9 ቀን ደግሞ ሲንጋፖር ከማሌዥያ ተለይታ፣ ሳትፈልግ ነጻ አገር ሆነች።

ጦርነቱን ያስቆመው የኢንዶኔዥያ የውስጥ ለውጥ ነው። በሴፕቴምበር 30 ቀን 1965 ሌሊት ስድስት ጄኔራሎች ተገደሉ። ጦሩ ግድያውን በኮሚኒስት ፓርቲው ላይ አላክኮ በመላ አገሪቱ ጭፍጨፋ ጀመረ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። በማርች 1966 ሥልጣኑ ወደ ጄኔራል ሱሃርቶ ዞረ። ከዚህ በኋላ የምተርከው የጎረቤቶች ዕርቅ የተከተለው ይህን ደም ነው፤ የአካባቢውን ሰላም የሚያወድሱ ብዙ ጸሐፊዎች በዚህ ላይ ቶሎ ያልፋሉ፤ ማለፍ ግን አይገባም።

ሽማግሌው የታይላንዱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ታናት ኮማን ሆኑ። በኮንፍሮንታሲ ያልገባች አገር ሚኒስትር ስለነበሩ ሁለቱም ወገኖች ያምኗቸዋል። በሜይ 1966 መጨረሻ የኢንዶኔዥያውን አደም ማሊክንና የማሌዥያውን ቱን አብዱል ራዛክን ባንኮክ ላይ አገናኙ፤ በኦገስት 11 ቀን ጃካርታ ላይ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። ታናት በዚያ የዕርቅ ሰሞን በተደረገ ግብዣ ላይ ለማሊክ አዲስ ማኅበር የመመሥረትን ሐሳብ አነሡላቸው። ማሊክም ተቀበሉት። ኢንዶኔዥያ በአካባቢው ትልቋ አገር ናት፤ እሷ ያልገባችበት ማኅበር የትም እንደማይደርስ የ1961ዱ ሙከራ አሳይቶ ነበር። እሷ ከገባች ደግሞ ትንንሾቹ የሚፈሩት ያንኑ ትልቅነቷን ነው። አዲሱ የጃካርታ መንግሥት በጓሮው ላሉት ሁሉ ከእንግዲህ አልነካችሁም የሚልበት መድረክ ያስፈልገው ነበር።

በኦገስት 1967 መጀመሪያ አምስት ሚኒስትሮች ከባንኮክ ደቡብ ምሥራቅ መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ወዳለችው ባንግ ሴን የተባለች የባሕር ዳር መዝናኛ ሄዱ። ታናት፣ ማሊክና ራዛክ ከፊሊፒንሱ ናርሲሶ ራሞስና ከሲንጋፖሩ ሲናታምቢ ራጃራትናም ጋር አራት ቀን አሳለፉ። ከአምስቱ ማሊክ፣ ራሞስና ራጃራትናም ቀደም ሲል ጋዜጠኞች ነበሩ። ክራቫት የለም፤ ጠዋት ጎልፍ ይጫወታሉ፣ ከዚያ ተቀምጠው ይከራከራሉ። እንዲህ ያለው ወግ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ማኅበሩ ኋላ ላይ የኖረበት ባሕርይ እዚያ ተወለደ ብዬ አምናለሁ፦ ድምፅ አይሰጥም፤ ያልተስማማ ሰው በአደባባይ አይጋለጥም፤ የከረረው ነገር ለሌላ ቀን ይተዋል።

የከረረው ነገር የጦር ሠፈር ጉዳይ ነበር። ኢንዶኔዥያ በአካባቢው ያሉ የውጭ ጦር ሠፈሮች ሁሉ ጊዜያዊ መሆናቸው በመግለጫው እንዲጻፍ ጠየቀች። ፊሊፒንስ ግን ክላርክና ሱቢክ የተባሉትን ግዙፍ የአሜሪካ ሠፈሮች ታስተናግዳለች። ቬትናምን የሚደበድቡት ቢ-52 አውሮፕላኖች ከታይላንድ ኡታፓዎ ይነሣሉ። ሲንጋፖርና ማሌዥያም በብሪታንያ ወታደር ተማምነው የሚኖሩ ናቸው። የተገኘው ማስታረቂያ ቃል ሁሉንም አስማማ፦ ሠፈሮቹ ጊዜያዊ ናቸው፣ የሚቆዩትም ባለቤቶቹ አገሮች ሲፈቅዱ ብቻ ነው። ኦገስት 8 ቀን ባንኮክ በሚገኘው የታይላንድ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች ማኅበር፣ በአጭሩ አሴአን፣ በአምስት አንቀጽ መግለጫ ተመሠረተ። መግለጫው በአብዛኛው ስለ ኢኮኖሚና ስለ ባህል ትብብር ያወራል። ቤጂንግና ሞስኮ ግን የአሜሪካ አሽከሮች ስብስብ ነው ብለው አወገዙት።

ፈተናው በዓመቱ መጣ። ሲንጋፖር የማክዶናልድ ሃውስን ቦምብ ያጠመዱትን ሁለት ወታደሮች፣ ሱሃርቶ ምሕረት ቢለምኑላቸውም፣ በኦክቶበር 1968 በስቅላት ቀጣች። ጃካርታ ውስጥ የተቆጣ ሕዝብ የሲንጋፖርን ኤምባሲ ዘረፈ፤ ሱሃርቶ ግን ጦር አላዘመቱም። የሲንጋፖሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ሊ ኩዋን ዩ በ1973 ጃካርታን ሲጎበኙ በሁለቱ ወታደሮች መቃብር ላይ አበባ በተኑ፤ ከዚያ በኋላ የሁለቱ መሪዎች ወዳጅነት እስከ መጨረሻው ጸና። በዚያው በ1968 ፊሊፒንስ ሳባህን ሰርገው የሚገቡ ወታደሮች በድብቅ ታሠለጥን ነበር የሚል ዜና ወጥቶ ማኒላና ኩዋላ ላምፑር ግንኙነታቸውን አቋረጡ። የታረቁት በዲሴምበር 1969 በማሌዥያ ካሜሮን ሃይላንድስ በተደረገው የማኅበሩ ስብሰባ ላይ ነው። ሳባህን ማን ይወርሳል የሚለው ግን እስከ ዛሬ አልተፈታም። አስቀምጠውት ኖሩ።

ኃያላኑ ደግሞ አንድ በአንድ መልካቸውን ለወጡ። ብሪታንያ በጃንዋሪ 1968 ጦሯን እስከ 1971 መጨረሻ እንደምታስወጣ አስታወቀች፤ የሲንጋፖር ኢኮኖሚ አንድ አምስተኛ የሚጠጋው በዚያ ሠፈር ወጪ ላይ የቆመ ነበር። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1969 ጉዋም ላይ የእስያ አገሮች ራሳቸውን መከላከል እንደሚኖርባቸው ተናገሩ፤ በ1972 ደግሞ ቤጂንግ ገቡ። አሜሪካን ተማምኖ ቻይናን ሲያወግዝ ለኖረ መንግሥት ይህ ድንጋጤ ነው። አምስቱ በኖቬምበር 1971 ኩዋላ ላምፑር ላይ አካባቢያቸው የሰላም፣ የነጻነትና የገለልተኝነት ቀጠና እንዲሆን ምኞታቸውን አወጁ። ምኞት ነበር፤ ማንም ኃያል አልፈረመበትም።

ኤፕሪል 30 ቀን 1975 የደቡብ ቬትናም ዋና ከተማ ሳይጎን በኮሚኒስቶቹ እጅ ወደቀች። የካምቦዲያ ዋና ከተማ ፕኖም ፔን ከሁለት ሳምንት በፊት ክመር ሩዥ በተባሉት የአገሪቱ ኮሚኒስት ታጣቂዎች እጅ ገብታለች። ቀጣዩ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ባንኮክን አስጨነቀ። በስምንት ዓመት ተኩል ውስጥ አንድም ጊዜ አብረው ያልተሰበሰቡት የአምስቱ አገሮች መሪዎች በፌብሯሪ 1976 ባሊ ላይ ተገናኙ። እዚያ የተፈረመው የወዳጅነትና የትብብር ውል ፈራሚዎቹን ሦስት ነገር ያስገድዳል፦ አንዱ በሌላው የውስጥ ጉዳይ አይገባም፣ በኃይል አይጠቀምም፣ ጠብን በንግግር ይፈታል። ውሉ ለሌሎች የአካባቢው አገሮችም ክፍት ተደረገ፤ ይህም ለሃኖይ የተላከ መልእክት ነበር። ሃኖይ በወቅቱ አልተቀበለችውም።

ኋላ የሰላም እጇን ስትዘረጋ ደግሞ ማንም አላመናትም። በ1978 መገባደጃ የቬትናሙ ጠቅላይ ሚኒስትር ፋም ቫን ዶንግ በአምስቱ ዋና ከተሞች እየዞሩ የሰላም ቃል ገቡ። በኖቬምበር 3 ቀን ቬትናም ከሶቪየት ኅብረት ጋር ውል ፈረመች። በዚያው ወር የቻይናው መሪ ዴንግ ሺያዎፒንግ ባንኮክን፣ ኩዋላ ላምፑርንና ሲንጋፖርን ጎበኙ። በዲሴምበር 25 ቀን የቬትናም ጦር ካምቦዲያ ገባ፤ ጃንዋሪ 7 ቀን 1979 ፕኖም ፔንን ያዘ። በፌብሯሪ 17 ቀን ቻይና ቬትናምን ለመቅጣት ከሰሜን ወረረች፤ በወሩ ተመለሰች።

እዚህ ላይ መቆም ያስፈልጋል። ቬትናም ያባረረችው የክመር ሩዡ መሪ የፖል ፖት መንግሥት በአራት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል እስከ ሁለት ሚሊዮን የሚሆን የገዛ ሕዝቡን በግድያ፣ በረሃብና በግዳጅ ሥራ የጨረሰ ነው። የክመር ሩዥ ድንበር ዘለል ጥቃት የቬትናምንም ገበሬዎች ፈጅቷል። ለካምቦዲያ ገበሬ የቬትናም ታንክ መምጣት ሞትን አስቆመ። ለባንኮክ ግን ያው ታንክ ድንበሯ ላይ የቆመ፣ ሞስኮ የምታስታጥቀው ጦር ነበር። አምስቱ ሚኒስትሮች በጃንዋሪ አጋማሽ ባንኮክ ላይ ተሰብስበው ወረራውን አወገዙ፤ ትንሽ አገር በትልቅ ጎረቤት ጦር መንግሥቷ ሊገለበጥ አይገባም የሚለውን መርሕ ይዘው ወደ ኒው ዮርክ ሄዱ።

መርሑ ትክክል ነው። ሲንጋፖርን የመሰለች አገር ይህን መርሕ ካልተከላከለች ራሷን የምትከላከልበት ነገር የላትም። መርሑ የተሠራበት መንገድ ግን ያሳፍራል። በሴፕቴምበር 1979 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የካምቦዲያን ወንበር ለማን ይሰጥ በሚለው ላይ ድምፅ ሰጠ፤ በ71 ድጋፍ፣ በ35 ተቃውሞና በ34 ድምፀ ተዓቅቦ ወንበሩ ለክመር ሩዥ ጸና። ወንበሩ ባዶ ይቆይ የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር፤ አልተሠራበትም። በኖቬምበር ደግሞ አሴአን ያቀረበው፣ የውጭ ጦር ከካምቦዲያ ይውጣ የሚለው ውሳኔ 91 ድጋፍ አገኘ። አምስት አገሮች በአንድ ድምፅ ተናግረው ዓለምን አስከተሉ። በዚያው ድምፅ የገዳዮቹ ተወካይ የሟቾቹ ተወካይ ሆኖ ተቀመጠ።

በውስጥ አንድ ልብ አልነበሩም። ታይላንድና ሲንጋፖር የሚፈሩት ቬትናምንና ከጀርባዋ ያለችውን ሞስኮን ነው። ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ የሚፈሩት ቻይናን ነው፤ ቬትናም ብትዳከም በሩን ለቤጂንግ እንዳትከፍት ይሠጋሉ። በማርች 1980 ሱሃርቶና የማሌዥያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሁሴን ኦን ኩዋንታን በተባለች ከተማ ተገናኝተው ቬትናም ከቻይናም ከሶቪየትም ጥላ ወጥታ የጸጥታ ሥጋቷ እንዲከበርላት ሐሳብ አቀረቡ። በእኔ ግምት ከዚያ ዘመን ሐሳቦች ሁሉ ወደ እውነቱ የቀረበው ይህ ነው። ባንኮክ አልወደደችውም፤ በጁን የቬትናም ወታደሮች የታይላንድን ድንበር ተሻግረው ሲዋጉ ሐሳቡ ሞተ።

በጁላይ 1981 በኒው ዮርክ የካምቦዲያ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተደረገ። አሴአን ይዞ የቀረበው ዕቅድ የቬትናም ጦር ሲወጣ ሁሉም የካምቦዲያ ተዋጊዎች፣ ክመር ሩዥም ጭምር፣ ትጥቅ እንዲፈቱና ምርጫ እስኪደረግ ጊዜያዊ አስተዳደር እንዲቆም ነው። ቻይና እንቢ አለች። አሜሪካም በዚያ ሰዓት ሶቪየትን የምትገጥምበት ወዳጅ አድርጋ የያዘችው ቻይናን ስለነበር ከቤጂንግ ጎን ቆማ አሴአንን ገፋች። የአካባቢው አገሮች ጽሑፋቸውን አለሳልሰው ተቀበሉ። በአንድነት የገነቡት ድምፅ የሚሰማው ኃያላኑ እስከፈለጉት ድረስ መሆኑን ያን ቀን አዩት። በጁን 1982 ኩዋላ ላምፑር ላይ የቀድሞውን የአገሪቱን መሪ ልዑል ሲሃኑክን፣ የቀድሞውን ጠቅላይ ሚኒስትር ሶን ሳንንና የክመር ሩዡን ኪዩ ሳምፋንን ያጣመረ የስደት መንግሥት ተቋቋመ፤ ወንበሩ ትንሽ ሰብዓዊ ገጽታ እንዲኖረው። በታይላንድ ድንበር ዳር የተጠለለው ካምቦዲያዊ ስደተኛ ግን በሦስት ታጣቂ ቡድኖች አስተዳደር ሥር ሌላ አሥር ዓመት ኖረ።

መፍትሔው የመጣው ሞስኮ ስትደክም ነው። የሶቪየቱ መሪ ጎርባቾቭ በጁላይ 1986 ከቻይና ጋር መታረቅ እንደሚፈልጉ ቭላዲቮስቶክ ላይ ተናገሩ። ቬትናም በዚያው ዓመት መጨረሻ የኢኮኖሚ ማሻሻያ ጀመረች። ኢንዶኔዥያ የያዘችው የጎንዮሽ መንገድ አሁን ጠቀመ፤ በጁላይ 1988 አራቱ የካምቦዲያ ወገኖች (ሦስቱ ቡድኖችና በቬትናም የተደገፈው የፕኖም ፔን መንግሥት)፣ ቬትናም፣ ላኦስና የአሴአን አገሮች ቦጎር ላይ በአንድ ክፍል ተቀመጡ። በዚያው ሰሞን የታይላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ቻቲቻይ ቹንሃቫን የኢንዶቻይና የጦር ሜዳ ገበያ ይሁን አሉ። ቬትናም በሴፕቴምበር 1989 ጦሯን አስወጣች። የፓሪሱ ስምምነት በኦክቶበር 23 ቀን 1991 ሲፈረም የጉባኤው ሊቃነ መናብርት ፈረንሳይና ኢንዶኔዥያ ነበሩ፤ ዋናውን ጽሑፍ ያረቀቁት ግን አምስቱ የጸጥታው ምክር ቤት ቋሚ አባላት ናቸው። ከ360 ሺህ በላይ ስደተኞች ከታይላንድ ድንበር ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በኖቬምበር 1992 የመጨረሻዎቹ አሜሪካውያን ሱቢክን ለቀቁ። በ1995 መጀመሪያ በደቡብ ቻይና ባሕር ፊሊፒንስ የእኔ በምትለው ሚስቺፍ በተባለ ሪፍ ላይ የቻይና ግንባታ ተገኘ። በዚያው ዓመት፣ ጁላይ 28 ቀን፣ ቬትናም በብሩናይ ዋና ከተማ የአሴአን ሰባተኛ አባል ሆነች፤ ብሩናይ ራሷ በ1984 ገብታ ነበር። ላኦስና ማይንማር በ1997 ተከተሉ። ካምቦዲያ አብራቸው ልትገባ ቀጠሮ ነበራት፤ በጁላይ የአገሪቱ ሁለተኛ ጠቅላይ ሚኒስትር ሁን ሴን የሥልጣን ሸሪካቸውን አንደኛውን ጠቅላይ ሚኒስትር ልዑል ራናሪድን በጦር ስላስወገዱ መግቢያዋ ዘገየ። በውስጥ ጉዳይ አንገባም ብሎ የማለ ማኅበር ያን ጊዜ ገባ፤ ምርጫ ተደርጎ መንግሥት እስኪቆም ጠበቀ። ካምቦዲያ አሥረኛዋ አባል የሆነችው ሃኖይ ላይ በተደረገ ሥነ ሥርዓት ነው፤ ቀኑ ኤፕሪል 30 ቀን 1999፣ ሳይጎን የወደቀችበት ዕለት ሃያ አራተኛ ዓመት ነበር።

በጁላይ 2012 ፕኖም ፔን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮችን ጉባኤ አስተናገደች። ፊሊፒንስ በዚያው ዓመት በደቡብ ቻይና ባሕር ባለው ስካርቦሮ ሾል ከቻይና መርከቦች ጋር መፋጠጧ በመግለጫው እንዲጠቀስ ጠየቀች፤ ቬትናምም የራሷን የባሕር ይዞታ ጉዳይ አነሣች። ሰብሳቢዋ ካምቦዲያ ከቻይና ብዙ ዕርዳታና ብድር የምትቀበል አገር ናት። ሚኒስትሯ ሆር ናምሆንግ የሁለት አገሮች ጠብ በማኅበሩ መግለጫ አይገባም ብለው ቃሉን ከለከሉ። ማኅበሩ በ45 ዓመት ታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ የጋራ መግለጫ ተበተነ። የኢንዶኔዥያው ሚኒስትር ማርቲ ናታሌጋዋ ሻንጣቸውን ይዘው ማኒላን፣ ሃኖይን፣ ባንኮክን፣ ፕኖም ፔንንና ሲንጋፖርን በጥቂት ቀናት ውስጥ ዞሩ፤ ጁላይ 20 ቀን አሥሩም አገሮች የተስማሙበት ባለ ስድስት ነጥብ መግለጫ ወጣ። የስካርቦሮ ስም በውስጡ አልነበረም።